ዋስ የበዛበት ጦርነት

የእህቴ ልጅ ለፈተና ስታጠና ደብተሯን ይዛ መጣች። "የአንደኛው የዓለም ጦርነት የቅርብ መንስኤ፦ የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ መገደል" ይላል፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው አንድ ሰው ስለተገደለ ነው?" አለችኝ። ለፈተናው የሚበቃትን ነገርኳትና ሄደች።

ደብተሩ አልተሳሳተም። ግን አልጋ ወራሹ ከተገደለበት ቀን እንግሊዝ ጦርነት እስካወጀችበት ቀን ድረስ 37 ቀን አለ። የአንድ ከተማ ግድያ የዓለም ጦርነት የሆነው በእነዚያ 37 ቀናት ውስጥ ነው፤ ደብተሩ ደግሞ እነሱን ዘሏቸዋል። (ቀኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ጁን 28 ቀን 1914 እሑድ ነበር። ሳራዬቮ የቦስኒያ ዋና ከተማ ናት። ቦስኒያን ኦስትሪያ-ሀንጋሪ በ1908 ጠቅልላ ግዛቷ አድርጋታለች፤ ብዙ ሰርቦች የሚኖሩባት አገር ስለሆነች ጎረቤቷ ሰርቢያ በነገሩ ትንገበገባለች። አልጋ ወራሹ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከባለቤቱ ከሶፊ ጋር ጣሪያው በታጠፈ መኪና ከተማውን ሲያቋርጥ አንድ ወጣት ቦምብ ወረወረ። ቦምቡ የታጠፈውን ጣሪያ ነክቶ ተንሸራተተና ከኋላ በሚመጣው መኪና ሥር ፈነዳ። ሰዎች ቆሰሉ፤ አልጋ ወራሹ ግን ምንም ሳይሆን ማዘጋጃ ቤት ደረሰ።

እዚያ ከአቀባበሉ በኋላ የቆሰለውን መኮንን ሆስፒታል ሄዶ ለመጠየቅ ተነሣ። አጃቢዎቹ በከተማው መሀል መግባቱን ትተው በወንዙ ዳር ቀጥ ብለው ለመሄድ ተስማሙ። ይህን ለሾፌሩ የነገረው ሰው አልነበረም። ሾፌሩ እንደ ፊተኛው ፕሮግራም ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወደ ቀኝ ታጠፈ። አብሮ የተቀመጠው የቦስኒያ ገዥ "በዚህ አይደለም" ብሎ ሲጮህ ፍሬን ያዘ። መኪናው የቆመው ከሴራው አባላት አንዱ ከሆነው ከ19 ዓመቱ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ፊት ለፊት ነበር። ሁለት ጥይት ተኮሰ፤ ባልና ሚስቱ ሞቱ። (ልጁ በዚያች ሰዓት ሳንድዊች ይበላ ነበር የሚለው ወሬ ብዙ ቦታ ይነገራል፤ ማስረጃ የለውም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የተጨመረ ማጣፈጫ ነው።)

የሚገርመው፣ ቪየና ውስጥ "ሰርቢያን እንውጋ" የሚሉትን ባለሥልጣኖች ይዞ ያቆይ ከነበሩት አንዱ ይኸው አልጋ ወራሽ ነበር። የእሱ ሞት ለጦርነት ፈላጊዎቹ ሰበብም ሆነ፣ መንገድም ከፈተ።

የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሩቅ መንስኤ ብለው የሚዘረዝሯቸው ነገሮች አሉ፦ የቅኝ ግዛት ሽሚያ፣ የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም፣ ብሔርተኝነት፣ ፈረንሳይ በ1871 አልሳስና ሎሬን በጀርመን ስለተወሰዱባት የያዘችው ቂም። ሁሉም እውነት ናቸው። ችግሩ፣ በሞሮኮ ጉዳይ በ1905 እና በ1911፣ በቦስኒያ ጉዳይ በ1908፣ በባልካን ጦርነቶች በ1912 እና በ1913 አገሮቹ ሲፋጠጡም እነዚሁ ነገሮች ነበሩ፤ ያኔ ግን ታላላቆቹ መንግሥታት እርስ በርስ አልተዋጉም። ደረቅ እንጨት መኖሩ እሳቱ ለምን በዚያ ቀን እንደተነሣ አይነግረንም።

እኔ ነገሩ የሚገባኝ በዋስ ነው። ለዘመድ ወይም ለጓደኛ ዋስ ሆኖ የፈረመ ሰው ያውቀዋል። ሲፈርም ወዳጅነቱን ማሳየቱ እንጂ ዕዳ መግባቱ አይታየውም። ባለዕዳው ሲጠፋ ነው የሰው ዕዳ የእሱ የሚሆነው። የ1914ቱ አውሮፓ እንዲህ እርስ በርሱ የተዋዋሰ ነበር። ጀርመን ከ1879 ጀምሮ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ዋስ ናት፤ በ1882 ጣሊያን ተጨመረች። ፈረንሳይና ሩሲያ በ1894 ተዋዋሱ። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር በ1904፣ ከሩሲያ ጋር በ1907 የተስማማችው በቅኝ ግዛት ጭቅጭቅ ላይ ብቻ ነው፤ ግን የፈረንሳይና የእንግሊዝ ጄኔራሎች ካርታ ዘርግተው መመካከር ጀምረዋል። ቤልጂየም ደግሞ ገለልተኛነቷ በ1839 ውል የተጠበቀ ነው፤ ከፈራሚዎቹ መካከል እንግሊዝም አለች፣ በኋላ ጀርመንን የመሠረተችው ፕሩሲያም አለች። ሩሲያ ለሰርቢያ የፈረመችው የጦር ውል የለም፤ ነገር ግን ራሷን የኦርቶዶክስ ስላቮች ታላቅ እኅት አድርጋ ነው የምታየው። ያልተጻፈ ዋስትና አንዳንዴ ከተጻፈው ይከብዳል።

ጁላይ 5 ላይ የጀርመኑ ካይዘር ቪልሄልም ለኦስትሪያ መልእክተኛ፣ የመጣው ቢመጣ ከጎናችሁ ነን አለ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ባዶ ቼክ ይሉታል፤ መጠኑን ሳይጽፉ ፈርሞ እንደ መስጠት። በማግሥቱ ካይዘሩ በመርከቡ ወደ ኖርዌይ ለመዝናናት ሄደ። ኦስትሪያ ጁላይ 23 ላይ በግድያው ለወነጀለቻት ለሰርቢያ የ48 ሰዓት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠች። ሰዓቱ ታስቦበታል፤ በእንግድነት ሩሲያ የቆየው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት መርከብ ተሳፍሮ ከወጣ በኋላ ነው የተሰጠው፤ ሁለቱ ዋሶች ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዳይመክሩ።

ሰርቢያ ጥያቄዎቹን ከሞላ ጎደል ተቀበለች። አጥብቃ የተቃወመችው የኦስትሪያ ሹማምንት አገሯ ገብተው በምርመራው ይካፈሉ የሚለውን ነው። ከሽርሽሩ የተመለሰው ካይዘር መልሱን ያነበበው ጁላይ 28 ጠዋት ነው፤ ከእንግዲህ ለጦርነት የሚያበቃ ምክንያት የለም ብሎ ጻፈበት። በዚያው ቀን ቪየና በቴሌግራም በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች። ቼኩ ተመንዝሯል።

ከዚህ በኋላ የፖለቲከኞቹ ሳይሆን የባቡሮቹ ታሪክ ነው። እኛ ክተት ሲባል የምናስበው ነጋሪት ሲጎሰም፣ ሰዉ ስንቁን አስቋጥሮ፣ በቅሎውን ጭኖ ሲተም ነው። የምኒልክ ሠራዊት ለዓድዋ ሲከት ወረኢሉ ላይ እየተጠባበቀ ተሰብስቧል፤ ዕርቅ ቢወርድ ኖሮ ወደየቤቱ መመለስም ይችል ነበር። የ1914ቱ ክተት ግን የተጻፈው በባቡር ሰዓት ነው። የትኛው ክፍለ ጦር በየትኛው ባቡር፣ ከየትኛው ጣቢያ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ከዓመታት በፊት ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ጀርመን በሁለት በኩል እንዳትወጋ የነደፈችው አንድ ዋና ዕቅድ ነበራት፦ በቤልጂየም በኩል አቋርጦ ፈረንሳይን በስድስት ሳምንት ያህል መጣል፣ ከዚያ ጦሩን በባቡር መልሶ ሩሲያን መግጠም። ዕቅዱ የቆመው የሩሲያ ክተት ቀርፋፋ ነው በሚል ግምት ላይ ነው። ስለዚህ ሩሲያ ክተት ካለች፣ ጦሯ ድንበር ባይሻገርም፣ ለጀርመን ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ ማለት ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስና ካይዘሩ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ በእነዚያ ሌሊቶች "ዊሊ" እና "ኒኪ" እያሉ በእንግሊዝኛ ቴሌግራም ይለዋወጡ ነበር። ኒኮላስ ጁላይ 29 ማታ አጠቃላይ ክተቱን ሰረዘው። በማግሥቱ ጄኔራሎቹና ሚኒስትሩ አግባብተው እንደገና አሳወጁት።

ለእኔ የጦርነቱን መንስኤ ከሁሉ አጉልታ የምታሳየው ግን የኦገስት 1 ምሽት ናት። በርሊን ላይ፣ እንግሊዝ ፈረንሳይንም ይዛ ገለልተኛ ትሆን ይሆናል የሚል የተሳሳተ ዜና ደረሰ። ካይዘሩ ደስ ብሎት የጦር ኤታማዦር ሹሙን ሞልትከን ጠራና ጦሩን በሙሉ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሩሲያ አዙረው አለው። ሞልትከ አይቻልም አለ። የ11,000 ባቡር ፕሮግራም በአንድ ሌሊት አይገለበጥም፤ ብንሞክረው የሚደርሰን ሠራዊት ሳይሆን ስንቅ የሌለው፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ክምር ነው የሚል ነበር ክርክሩ። የአገሪቱ ንጉሠ ነገሥት የገዛ ጦሩን አቅጣጫ ማስቀየር አልቻለም። ዜናውም ስሕተት መሆኑ በዚያው ሌሊት ታወቀ። ኦገስት 4 ጀርመን ቤልጂየም ገባች፤ የ1839ኟ ዋስ እንግሊዝም በዚያው ዕለት ማታ ጦርነት አወጀች።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? በ1961 ጀርመናዊው የታሪክ ሊቅ ፍሪትዝ ፊሸር የገዛ አገሩ ጦርነቱን ፈልጋዋለች ብሎ ጽፎ አገሩን አናወጠ። በ2012 ክሪስቶፈር ክላርክ ሁሉም በእንቅልፍ ልባቸው ሲሄዱ ገደል ገቡ የሚል መጽሐፍ አወጣ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ ባዶውን ቼክ የፈረመውና ቼኩን የመነዘረው ከሌሎቹ የበለጠ ዕዳ አለባቸው ባይ ነኝ፤ ሩሲያና ፈረንሳይም ንጹሕ አይደሉም።

ስለ ውጊያው ብዙ አልልም። ከሰሜን ባሕር እስከ ስዊዘርላንድ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ምሽግ ተቆፈረ። ጁላይ 1 ቀን 1916 በሶም ወንዝ አጠገብ በአንድ ቀን ብቻ 19,240 የእንግሊዝ ወታደሮች ሞቱ። ቅኝ ግዛቶቹም አልቀረላቸውም፤ በምሥራቅ አፍሪካ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ጥይትና ስንቅ ተሸካሚ ሆነው ሲጋዙ፣ ከጥይት ይልቅ በሽታና ረሀብ ጨረሳቸው። አዲስ አበባ ላይም ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘንብለዋል የሚለው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ክስ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከዙፋን ለመውረዳቸው አንዱ ምክንያት ሆኗል። በጁላይ 1917 ደግሞ ጀርመኖች ኢፕር በምትባል የቤልጂየም ከተማ አጠገብ ቆዳና ዐይን የሚያቃጥል አዲስ መርዝ ተኮሱ። አንዳንዱ ከሽታው የተነሣ የሰናፍጭ ጋዝ አለው፤ ፈረንሳዮቹ በከተማዋ ስም ኢፔሪት አሉት። ይህን ቃል ያዙልኝ።

ተኩሱ የቆመው ኖቬምበር 11 ቀን 1918፣ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ሞቷል። በዚያው ኅዳር አዲስ አበባ ሬሳ የሚያነሣ ሰው እስኪጠፋ ድረስ በሌላ ነገር ትታመስ ነበር፤ የኅዳር በሽታ በምንለው ኢንፍሉዌንዛ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ነው የዳኑት። በሽታውን ጦርነቱ አልፈጠረውም፤ በመርከብና በባቡር ታጭቆ ከአኅጉር አኅጉር የሚመላለሰው ወታደር ግን ዓለምን አዳርሶታል። የሚዋጉት አገሮች ጋዜጦች ወሬውን እንዳያወጡ ሳንሱር ስለነበረባቸው፣ ገለልተኛዋ ስፔን ግን በግልጽ ጻፈችና የስፔን በሽታ ተባለ። ኅዳር 12 ቀን ጠዋት ቆሻሻ ሰብስበን ስናጤስ ዐይናችንን የሚቆጠቁጠን የዚያ ዘመን ጢስ ነው።

አራት ነገሥታት ወደቁ፤ የሩሲያ፣ የጀርመን፣ የኦስትሪያ-ሀንጋሪና የኦቶማን። የኦቶማንን የዓረብ ግዛቶች እንግሊዝና ፈረንሳይ ገና በ1916 በምስጢር ተከፋፍለውት ስለነበር ሶርያና ሊባኖስ ለፈረንሳይ፣ ኢራቅና ፍልስጤም ለእንግሊዝ ሞግዚትነት ተሰጡ። የዚያ አካባቢ ዜና ዛሬም ከዚያ ካርታ አልወጣም።

የጀርመን ውል ቬርሳይ ላይ ተፈረመ፤ ቀኑ ሆን ተብሎ የተመረጠ እስኪመስል ጁን 28 ቀን 1919፣ ሳራዬቮ በአምስተኛ ዓመቷ። ጀርመን ቅኝ ግዛቶቿን በሙሉ፣ ከአውሮፓ መሬቷ ደግሞ 13 በመቶ ያህሉን አጣች፤ ጦሯ ከ100,000 ሰው እንዳይበልጥ ተወሰነ። አንቀጽ 231 ለጉዳቱ ኃላፊ አደረጋት። በ1921 የጦር ካሳው 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ነው ተባለ። ከዚህ ውስጥ በእርግጥ ይከፈላል ተብሎ የታሰበው 50 ቢሊዮኑ ነው፤ ቀሪው የአሸናፊዎቹን ሕዝብ ለማስደሰት የተጻፈ ቁጥር ነበር ማለት ይቻላል። በጃንዋሪ 1923 ክፍያው ሲጓደል ፈረንሳይና ቤልጂየም የሩር ኢንዱስትሪ አካባቢን ያዙ። ጀርመን ሥራ ላቆሙት ሠራተኞቿ ደመወዝ ለመክፈል ገንዘብ ማተም አበዛች። ከጦርነቱ በፊት በ4.2 ማርክ ይመነዘር የነበረ አንድ ዶላር በኖቬምበር 1923 በ4.2 ትሪሊዮን ማርክ ተመነዘረ። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመ ሰው በቁጠባ ደብተሩ ካራሜላ መግዛት አቃተው።

ከዚህ ተነሥቶ "ሂትለርን የወለደው ቬርሳይ ነው" ማለት የተለመደ ነው። ቁጥሮቹ ግን ይህን ያህል አይሄዱም። በ1928 ምርጫ የሂትለር ፓርቲ ያገኘው ድምፅ 2.6 በመቶ ነበር። የኑሮ ውድነቱ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ቬርሳይ ከተፈረመ ዘጠኝ ዓመት። የዓለም ኢኮኖሚ በ1929 ከወደቀ በኋላ፣ በ1930 ድምፁ 18.3፣ በጁላይ 1932 ደግሞ 37.3 በመቶ ደረሰ። ቬርሳይ ቂሙን አቆየ፤ ቂሙን ወደ ድምፅ መስጫ ሳጥን የወሰደው ሥራ አጥነት ነው።

ለእኛ አንባቢ ከቬርሳይ ይልቅ የሚቀርበው ግን አንድ ሌላ ወረቀት ነው። ጣሊያን በ1914 የጀርመንና የኦስትሪያ ተዋዋይ ሆና ሳለ ዋስትናው አይመለከተኝም ብላ ቁጭ አለች። ከዚያ ሁለቱንም ወገን ስታጫርት ቆይታ ኤፕሪል 26 ቀን 1915 ለንደን ላይ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከሩሲያ ጋር በምስጢር ተፈራረመች። የውሉ አንቀጽ 13፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጀርመንን የአፍሪካ ግዛቶች ከወሰዱ ጣሊያንም ተመጣጣኝ ካሳ መጠየቅ ትችላለች ይላል፤ በተለይም ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሊቢያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ጋር በሚዋሰኑበት በኩል። ኤርትራና ሶማሊያ የማን ጎረቤቶች እንደሆኑ ለዚህ አንባቢ መንገር አያሻኝም። እኛ በሌለንበት ድርድር አካባቢያችን የክፍያ መዝገብ ውስጥ ገባ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ለጣሊያን የደረሳት ከጠበቀችው አነሰ። በአፍሪካ በኩል በዋናነት ያገኘችው ከእንግሊዝ ኬንያ ተቆርጣ በ1924 ውል የተሰጠቻትን ጁባላንድን ነው። ጣሊያን ውስጥ "ድላችን ተሸራረፈ" የሚለው ቁጭት የፖለቲካ መፈክር ሆነ፤ ሙሶሊኒም በ1922 ሥልጣን የያዘው ይህን ቁጭት ጭምር እየጋለበ ነው።

በዚህ መሀል አሸናፊዎቹ የድሮው መዋዋስ ያመጣውን ጣጣ አይተው አዲስ ዓይነት ዋስትና አቁመዋል። የመንግሥታት ማኅበር፣ እገሌ ለእገሌ ብሎ ሳይከፋፈል፣ ሁሉም ለሁሉም ዋስ የሚሆንበት ነው። በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 16 ቃሉን አፍርሶ አንዱን አባል የወጋ ሁሉንም እንደወጋ ይቆጠራል። ኢትዮጵያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 አባል ሆነች። ከደገፉት አንዷ ጣሊያን ነበረች።

ኦክቶበር 3 ቀን 1935 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ ማዕቀብም ጣለ። ከማዕቀቡ ግን ነዳጅ ቀረ፤ የሱዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሂትለርን ስለሚፈሩ ሙሶሊኒን ማስቀየም አልፈለጉም። በዲሴምበር ደግሞ የሁለቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል የአገራችንን ሰፊ ክፍል ለጣሊያን ሰጥቶ የሚያስታርቅ ዕቅድ አዘጋጅተው ተገኙ። ወሬው ወጥቶ ሕዝብ ሲቆጣ ዕቅዱ ተጣለ። በዚያው ወር የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰሜን ጦር ግንባር ኢፔሪት ማዝነብ ጀመሩ። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ጣሊያንም ፈርማበታለች። በጫማ እጥረት በባዶ እግሩ የሚዘምተው ገበሬ መርዙ ባረፈበት ሣር ላይ ሲረግጥ እግሩ ይላጥ ነበር። ስሟን ሰምቶ የማያውቅ የቤልጂየም ከተማ እንዲህ አድርጋ ደረሰችው።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከሰገነቱ ላይ በፉጨት አቋረጧቸው። ያ ንግግር ብዙ ጊዜ እንደ ትንቢት ይጠቀሳል። እኔ ሳነበው የሚታየኝ ትንቢት ሳይሆን፣ ውሉን ይዞ ዋሶቹን የሚጠራ ሰው ነው። ማዕቀቡ በጁላይ ተነሣ። በ1914 ዋሶቹ ሳይጠሩ ጭምር ተሯሩጠው ደረሱ፤ በ1936 ተጠርተው ቀሩ።

የጦር ካሳው ዕዳ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አልተዘጋም። ጀርመን ካሳውን ለመክፈል በ1924 እና በ1930 ቦንድ ሸጣ ተበድራ ነበር። ሂትለር መክፈል አቆመ። በ1953 ለንደን ላይ በተደረገ ስምምነት፣ የዕዳው የተወሰነ ወለድ ሁለቱ ጀርመኖች እስኪዋሐዱ ይቆይ ተባለ። ኦክቶበር 3 ቀን 1990 ተዋሐዱ፤ የ20 ዓመት ቀጠሮም ተያዘ። የመጨረሻው ክፍያ፣ ወደ 70 ሚሊዮን ዩሮ፣ የተፈጸመው ኦክቶበር 3 ቀን 2010 ነው፤ ጣሊያን መረብን በተሻገረች ልክ በ75ኛ ዓመቷ። ግጥጥሞሽ ነው። በእኛ ካሌንደር ደግሞ አንዱ መስከረም 22፣ ሌላው መስከረም 23 ላይ ስለሚውል እሱም በአንድ ቀን ያመልጣል።